ጋሽ ቶሎሳና የጃፓኑ ቤት

የቤታችንን ኮርኒስ ሳላስተዋውቃችሁ ወደ ታሪኩ ብገባ ምንም አይገባችሁም። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ግድግዳው ጭቃ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ነበረን። ኮርኒሱ የተሠራው ከማዳበሪያ ከረጢት ነው። እናቴ ባዶ ከረጢቶች ከገበያ ገዝታ፣ አጥባ፣ በጆንያ መርፌ እርስ በርስ ሰፍታ አግዳሚዎቹ እንጨቶች ላይ አስመታችው፤ ከዚያ ኖራ አስቀባችው። ኖራው ግን ለስሙ ነው እንጂ አልሸፈነም። ሶፋው ላይ ጋለል ብሎ ቀና ያለ ሰው የማዳበሪያውን ክብደትና «እርጥበት አይንካው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ይችላል። እንግዳ ሲመጣ እናቴ ሰውዬው ቀና እንዳይል ወሬ ታበዛ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ሥራዬ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ ለሚያልቅ ደብዳቤ «ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር» ብሎ የሚያልቅ መልስ መተየብ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሳሙኤል ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ማትሪክ ያልመጣለት፣ ሥራ የሌለው፣ ቁመቱ በር የሚነካ ጎረምሳ ነበር። ባጭሩ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚፈልገው ዓይነት ልጅ ነው። የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። ጦርነቱ ወጣት አልበቃው ብሎ፣ ቀበሌዎች በኮታ እንዲያቀርቡ ታዘዋል። ኮታው ሲጎድል ከመንገድ፣ ከኳስ ሜዳ፣ ከአልጋ ስር ይታፈሳል።

ስለዚህ በከተማው ያለ ወጣት ሁሉ የየራሱ መደበቂያ ነበረው። አንዱ ባዶ በርሜል ውስጥ ይገባል፤ ሌላው የእህቱን ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ ጓሮ ልብስ ያጥባል። ለኛ ሳሚም ቀሚስ ሞክረንለት ነበር፤ የኔ ቀሚስ ጉልበቱ ላይ ቀረ። በዚህ ምክንያት ጥግ ላይ ያለውን ከረጢት ጫፉን ፈትተን ወደ ኮርኒሱ መውጫ አበጀንለት። ይወጣል፣ አግዳሚዎቹ ላይ ይተኛል፣ እኔ ከታች ከረጢቱን መልሼ እይዛለሁ። በናዝሬት ፀሐይ፣ ከቆርቆሮ በታች፣ በማዳበሪያ ላይ መተኛት ምን እንደሚመስል ራሱ ቢነግራችሁ ይሻል ነበር፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ ስለዚያ ማውራት አይወድም።

አሁን ወደ ማሽኑ። ታላቅ ወንድማችን ኃይሌ መርከበኛ ነው። መርከቡ አሰብ ሲደርስ የሆነ ነገር ተሸክሞ ናዝሬት ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከጃፓን ትንሽ ቴሌቪዥን፣ የመብራቱን ኃይል የሚቀንስ ትራንስፎርመርና ቴሌቪዥኑ ላይ የሚሰካ የጌም ማሽን ይዞ መጣ። ከማሽኑ ጋር የነበረው ካሴት አንድ ብቻ ነው፤ በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ በሙሉ ጃፓንኛ። ኃይሌ «የመኪና እሽቅድምድም ነው ብለው ሸጡልኝ» አለ። ሰካነው። መኪና የሚባል ነገር የለም።

የነበረው ቤት ነው። ትልቅ፣ ብዙ ክፍል ያለው፣ ብቻውን የቆመ ቤት። ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰውዬ በውስጡ ይዘዋወራል። ቁልፎች ባሉባት ትንሽ ሳጥን እኛ እንነዳዋለን። በር ይከፍታል፣ መሳቢያ ይስባል፣ መብራት ያበራል። ከስክሪኑ ግርጌ በጃፓንኛ የሆነ ነገር ይጻፋል፤ ከዚያ ይጠፋል። ማንም አይተኩስበትም፣ ነጥብ አይቆጠርለትም። ግን ከአንድ ክፍል ወጥታችሁ ስትመለሱ ወንበሩ ቦታ ቀይሯል። ግድግዳው ላይ ባለው ፎቶ ያለችው ሴት መጀመሪያ ታያችኋለች፤ በኋላ ጀርባዋን ትሰጣችኋለች። ሰውዬው መስታወት ፊት ሲቆም መስታወቱ ውስጥ የሚታየው እሱ ሳይሆን ትንሽ ልጅ ነው። ከላይ ደግሞ የሰው እግር ኮቴ ይሰማል። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ወደ ላይ የሚያወጣ መሰላል አለ። ከስር ወደ ምድር ቤት የሚያስገባ ደረጃ አለ።

ምን ማለት ነው? እኔና ሳሚ በዚህ ጉዳይ ተጣልተን ሳንነጋገር የከረምንበት ጊዜ አለ። ሳሚ ሰውዬው ሞቷል፣ ግን አላወቀም ይላል። እኔ አብዷል እላለሁ። እናቴ ሁለታችንንም ትታ ማሽኑ ላይ ጠበል ረጨችበት። ማሽኑ ያን ቀን አልሠራም አለ። እሷ ጋኔኑ ወጣ አለች፤ ሳሚ ውሃ ገባበት አለ። ሲደርቅ መልሶ ሠራና ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ። ጌሙ ደግሞ ያለበትን ቦታ አያስታውስም፤ መብራት ከጠፋ ከመጀመሪያው በር ነው የሚጀምረው። በናዝሬት መብራት አመል መሰላሉ ስር ብዙ ጊዜ ደርሰናል፤ ወጥተን ግን አናውቅም።

ያን ዕለት ቅዳሜ ነው። እናቴ ለቅሶ ለመድረስ ሁሩታ ሄዳለች። እኔ በምሳ ሰዓት ከሥራ ገብቼ ከሳሚ ጋር የጃፓኑ ቤት ውስጥ ነን። መሰላሉ ስር ደርሰናል። ሳሚ «ውጪ፣ አሁን ውጪ» እያለ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። በዚህ መሀል ጎረቤታችን ወይዘሮ አስካለ «እሽ! እሽ! ዶሮዋ ወጣች! ዶሮዋን ያዙልኝ!» ብላ ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው።

ወይዘሮ አስካለ ዶሮ የላትም። ኖሯትም አያውቅም። ሰፈሩ ዶሮዋ ወጣች ሲባል አፈሳ መጣ ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሳሚ ሶፋው ላይ ተንጠላጥሎ እንደ ድመት ወደ ኮርኒሱ ገባ። እኔ ከረጢቱን መልሼ በሚስማሩ ያዝኩት፤ ወንበሩን አስተካከልኩ፤ የሳሚን ጫማ አልጋ ስር ወርውሬ፣ አልጋ ስር የመጀመሪያው ፍተሻ ቦታ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ሁሉን አሰብኩ። ቴሌቪዥኑን ብቻ አላጠፋሁም። ለምን ብትሉኝ፣ መሰላሉ ስር ደርሰን ነበራ! የወንድሜ ነፍስ ጣሪያ ላይ፣ የጃፓኑ ሰውዬ መሰላል ስር፤ ሁለቱንም ማትረፍ ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ጅልነት በሌላ ሰው ላይ ባይ በሳቅ እሞታለሁ።

በሩ ተንኳኳ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ በከተማው የታወቁ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ፈረሳቸው ሲሞት ቀበሌው ጠመንጃ ሰጣቸው። ጠመንጃውንም እንደ አለንጋ ነው የሚይዙት።

«አካም ጅርታ፣ ጽጌ? ሳሙኤል የት አለ?»

«ሁሩታ ሄዷል ጋሽ ቶሎሳ። ከእማዬ ጋር ለቅሶ ሄዷል።»

«ማን ሞቶ?»

«የእማዬ የአክስት ልጅ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና አልጋ ስር ጎንበስ አሉ። ቁም ሣጥኑን ከፈቱ። የጤፉን ጆንያ በአፈሙዙ ወጋ ወጋ አደረጉት። ሊወጡ በሩ ላይ ደርሰው ድንገት ቆሙ።

«ከላይ የሚራመደው ማን ነው?»

  ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ጋሽ ቶሎሳ ቀና ሊሉ ሲሉ ነው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ የገባኝ።

«ቴሌቪዥኑ ነው!» አልኩ፤ እንደ እብድ እየጠቆምኩ። «ጋሽ ቶሎሳ፣ ቴሌቪዥኑ ነው። ጨዋታ ነው።»

ቀረብ አሉ። ሰውዬው መሰላሉ ስር ቆሟል። ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የቆመው?»

«የሆነ ነገር ይፈልጋል።»

«ምን ጠፋበት?»

«አይታወቅም።»

«እኛ አናውቅም ወይስ እሱም አያውቅም?»

ከሳሚ ጋር ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀን ይህን ጥያቄ አንዳችንም አንስተነው አናውቅም።  ጋሽ ቶሎሳ መልስ አልጠበቁም። ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ፤ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሀል አቆሙ፤ «እስቲ ንጂው» አሉ፤ ልክ ጋሪ ላይ የተሳፈሩ ይመስል።

አስቡት። ወንድሜን ሊወስድ የመጣ ሰው ከወንድሜ በታች ተቀምጧል። ጌሙን ባጠፋው «ለምን አጠፋሽ?» ሊሉ ነው። ካላጠፋሁ አይሄዱም። ሳሚ በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ስር እየተጠበሰ ነው። ሰውዬውን ከመሰላሉ አራቅሁና በየክፍሉ አዞርኩት። ቶሎ ይሰለቻቸዋል ብዬ ነበር። ሰውዬው መስታወቱ ፊት ደርሶ ልጁ ሲታይ ግን ጋሽ ቶሎሳ እጄን ያዙ።

«ቆይ። ማን ነው ይሄ?»

«እሱም አይታወቅም። ሳሚ ራሱ ሰውዬው ነው ይላል፤ ልጅ እያለ።»

«አይደለም» አሉ። «የወለደው ልጁ ነው። ልጄ ከሄደ ወዲህ እኔም ጢሜን ስላጭ የማየው እሱን ነው።»

ገመቹ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው ሰፈሩ ያውቃል። ወደ ግንባር እንደሄደም ያውቃል። እንዴት እንደሄደ ግን ያወራ ሰው አልነበረም። እሳቸው ለስክሪኑ የሚያወሩ ይመስል ወደፊት እያዩ ነገሩኝ።

«ቆጥ ላይ ነበር የተደበቀው። እናቱ ናት የደበቀችው። እኔ ነኝ ያወረድኩት። ሥልጠና ብቻ ነው፣ ወዲያው ይመለሳል አሉኝ። እኔም አባትህ ጥበቃ ሆኖ አንተ ብትደበቅ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጠራሁት። ወረደ። አቤት ብሎ ወረደ። ሰሜን ነው አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም።»

ያን ጊዜ በጣም አዘንኩላቸው፤ በጣምም ፈራኋቸው። ልጁን ከቆጥ ያወረደ ሰው የሰውን ልጅ ከኮርኒስ ለማውረድ ምን ያግደዋል?

«ይሄም ሰውዬ አፍሮ ነው» ቀጠሉ። «ልጁ ከላይ እንዳለ ያውቃል። ኮቴውን እየሰማ እኮ ነው! ለዚህ ነው መሳቢያ ለመሳቢያ የሚዞረው። ሌላ ሌላ ቦታ የሚፈልገው እንዳያገኘው ነው። ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ወደ መሰላሉ መልሺው። ከላይ ነው ያለው።»

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ምድር ቤቱን አላየነውም፤ መጀመሪያ...»

«ከላይ ነው እያልኩሽ!»

በዚህ ቅጽበት አንዲት ጠብታ ወረደችና የጋሽ ቶሎሳ እጅ ላይ ዐረፈች።

በጋ ነው። ዝናብ ካየን ወራት አልፈዋል። ጋሽ ቶሎሳ ጠብታዋን አዩአት። በአውራ ጣታቸው አሻሿት። ቀስ ብለው ቀና አሉ። እኔም ቀና አልኩ፤ ምን ላድርግ? «እርጥበት አይንካው» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ከረጢቱ እርሷል፤ ከእሱ እልፍ ብሎ ደግሞ የሰው ተረከዝ የሚያህል ነገር ወደ ታች አብጧል። ጋሽ ቶሎሳ እብጠቱን አዩ። ስክሪኑን አዩ። እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለውን ለማንበብ ሞከርኩ፤ ከጃፓንኛው አይሻልም።

አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ በሩ ሳይንኳኳ ተበረገደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ደምሰው ነው።

ጓድ ደምሰው ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። የማስተማር ሱሱ አልለቀቀውም። የውይይት ክበብ ላይ ስለ ስኳር እጥረት ብትጠይቁት ከባሪያ ሥርዓት ነው የሚጀምረው። ኪሱ ላይ ብዙ እስክሪብቶ ይሰካል፤ የሚጽፍ የትኛው እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ጓድ ቶሎሳ! መኪናው ቆሞ እየጠበቀ አንተ ሲኒማ ታያለህ?»

ጋሽ ቶሎሳ ተነሡ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«የውጭ አገር መሣሪያ አግኝቼ እየመረመርኩ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አሉ።

ጓድ ደምሰው ይህን ሲሰማ መልኩ ተለወጠ። መሣሪያ፣ የውጭ አገር፣ የማይታወቅ ጽሑፍ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ማሽኑን ዞረው።

«ቋንቋው ምንድን ነው?»

«ጃፓንኛ ነው ጓድ» አልኩ።

«ይዘቱስ? መልእክቱ ምንድን ነው?»

«ለጊዜው አልደረስንበትም።»

«ታይፒስት አይደለሽም እንዴ? እንዴት አትደርሺበትም?» አለና ጋሽ ቶሎሳ የተነሡበት ቦታ ላይ፣ ልክ ከተረከዙ በታች፣ ተቀመጠ። «ቀጥዪ። ላጥናው።»

ቀጠልኩ።  ጓድ ደምሰው ሰውዬው አንድ ክፍል ገብቶ ሲወጣ አየና በቃው፤ ትንታኔው መጣለት።

«ግልጽ ነው። ይሄ ቤት ስፋቱን እዩት። ስንት ክፍል ለአንድ ሰው! ሰውዬው ከበርቴ ነው። የሚሰማው ኮቴ የሰፊው ሕዝብ ነው። ታሪክ እየመጣበት ስለሆነ ይጨነቃል።»

«መስታወቱ ውስጥ ያለው ልጅስ?» አሉ ጋሽ ቶሎሳ፤ ቆመው።

«እሱ ንዑስ ጉዳይ ነው።»

«ልጅ ንዑስ ጉዳይ አይሆንም፣ ጓድ።»

«ጓድ ቶሎሳ፣ ከዝርዝሩ ዋናውን ቅራኔ መለየት ያስፈልጋል!»

እንግዲህ ተጣሉ። እውነቴን ነው፤ ወንድሜን ሊያፍሱ የመጡት ሰዎች በጃፓን ጌም ትርጉም ላይ ተጣሉ። ያውም በእኔና በሳሚ ጠብ ዓይነት ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው «እህ» እያለ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር።

«በል እሺ» አለ በመጨረሻ ጓድ ደምሰው። «ወሳኙ ጥያቄ ኮቴው የት ነው የሚለው ነው። ድምፁ ከላይ ይመስላል። ታዲያ ሕዝብ እንዴት ከላይ ይሆናል? እ?» አለና እያሰበ አገጩን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ጀመረ።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ከታች ነው ጓድ ሊቀመንበር!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ምድር ቤት አለው። ጭቁኑ እኮ ሁልጊዜ ከታች ነው። ድምፁ ከላይ የሚመስለው ሰውዬው ስለሚያምታታ ነው። የተገለበጠ ንቃተ ህሊና አለው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ የቢሮ ደብዳቤ ለካ ውስጤ ገብቶ ኖሯል። የጓድ ደምሰው አገጭ ወረደ። ፊቱ በራ።

«አየህ?» አለ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ዞሮ። «ይህች ልጅ ገብቷታል። አንተ ግን ከላይ ነው ስትል በር ላይ ሰምቼሃለሁ። አሁንስ ምን ትላለህ? ከላይ ነው ከታች?»

ጋሽ ቶሎሳ ቀና ብለው አላዩም፤ እኔንም አላዩም። የሚያዩት ስክሪኑን ነው። ሰውዬው መስታወቱ ፊት እንደቆመ ነበር፤ ልጁም በውስጡ። ከላይ አንድ አግዳሚ ሲጥ አለ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ አለ ጌሙ። ሳሚ ትንፋሹን እንደያዘ እዚህ ሆኜ ይሰማኛል፤ እኔም ይዤያለሁ። ጋሽ ቶሎሳ ግን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ከታች ነው ጓድ» አሉ። «ተሳስቼ ነው። ከላይ ማንም የለም።»

ጓድ ደምሰው በድል አጨበጨበ። ሊቀጥልም ነበር፤ ስለ ምድር ቤትና ስለ ምርት ኃይሎች አንድ ሰዓት የሚያናግር ነገር አግኝቷል። ግን ሁለተኛዋ ጠብታ ወረደች፤ ሦስተኛዋም ተከተለች። አንዷ ግንባሩ ላይ፣ አንዷ ከንፈሩ ጠርዝ ላይ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? በበጋ ጣሪያችሁ ያንጠባጥባል?»

 ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው የሊቀመንበራቸውን ግንባር በአክብሮት መረመሩት።

«አይጥ ነው ጓድ» አሉ። «የማዳበሪያ ኮርኒስ አይጥ አይጠፋውም። ሽንቱ ነው። እኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ አፍዎን ብቻ እንዳይከፍቱ።»

ጓድ ደምሰው አፉን ገጥሞ ከሶፋው ሲነሣ እንደዚያ የፈጠነ ካድሬ አይቼ አላውቅም። መሀረቡን አውጥቶ ከንፈሩን እየፈተገ፣ በአፍንጫው ብቻ እያወራ፣ በሩ ላይ ደረሰ። እዚያ ሆኖ ማሽኑ ለጥናት እንዲወሰድ አዘዘ። ጋሽ ቶሎሳ ገመዱን ነቀሉት። ሰውዬው፣ ልጁ፣ መሰላሉ፣ ሁሉም ድርግም ብለው ጠፉ። ማሽኑን ብብታቸው ስር አደረጉት።

ጓድ ደምሰው ውጭ ሆኖ ሲተፋ ይሰማል። ጋሽ ቶሎሳ ወደ በሩ ሄዱና ተመለሱ። ከእብጠቱ በታች ቆመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ቀና ብለው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ እግርህን ሰብስብ። ይታያል።»

ተረከዙ ወደ ላይ ሸሸ። ኮርኒሱ ዝርግ ሆነ። «ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገም ይመጣሉ» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «ሁሩታ ነው ያለው አላልሽኝም? እንግዲህ ሁሩታ ይሁን።» ከዚያ ወጡ።

ሳሚ ሲወርድ ልብሱ ከወንዝ የወጣ ይመስል ነበር። ሳቅንና ለቅሶን ለይተን ማወቅ አቅቶን ወለሉ ላይ ተቃቅፈን ተቀመጥን። በማግስቱ የእህል ጭነት አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ ከባዶ ጆንያ ስር ሆኖ ሁሩታ ሄደ፤ እናቴን ለቅሶው ቤት አገኛት። እዚያው ገጠር የዘመድ እርሻ ላይ እያረሰ መንግሥት እስኪለወጥ ቆየ። ማሽኑን በተመለከተ፣ ጓድ ደምሰው ሊያጠናው ቢሮው ውስጥ፣ ትራንስፎርመሩ ሳይኖር፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቶት እንደ ቡና ቆላው አሉ። ለወይዘሮ አስካለ የነገሯት ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ ጭሱን በእጃቸው እያሳዩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ነገሩ ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ ሥራዬን ለወጠው። በማታ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ፤ ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አንድ ግጥም ሲያነቡ ወዲያው እጃቸውን አውጥተው «ትክክለኛው ትርጉም የቱ ነው?» ይላሉ፤ ፈተና ላይ ስለሚመጣ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንደነሱ ነበርኩ፤ ከሳሚ ጋር የተኳረፍኩት ትክክለኛው አንድ ብቻ መስሎኝ ነው። ያን ቅዳሜ ግን ትክክል የነበሩት ጋሽ ቶሎሳ ነበሩ፤ ከላይ ነው አሉ፣ ከላይም ነበር። ወንድሜን ያተረፈው እያወቁ ትርጉማቸውን መተዋቸው ነው። ይህን ለተማሪ እንዴት እንደሚያስረዱት እስከ ዛሬ ስላልደረስኩበት «ሁለቱንም ጻፉ» ብዬ አልፋለሁ። ርዕሰ መምህሩ አይወደውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የተበተነው ሠራዊት በናዝሬት በኩል ያልፍ ነበር። ባዶ እግራቸውን የሆኑ፣ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ዳቦ የሚለምኑ ልጆች። ጋሽ ቶሎሳ አስፋልቱ ዳር ዛፍ ስር ተቀምጠው የእያንዳንዱን ልጅ ፊት ያያሉ። ጠመንጃ የላቸውም። እኔ ዳቦና ውሃ ይዤ ስወጣ አጠገባቸው መቀመጥ ልማዴ ሆነ። አንድ ከሰዓት ብዙ ልጆች ካለፉ በኋላ መንገዱ ጭር ሲል ድንገት ጠየቁኝ።

«ያ ሰውዬ ልጁን አገኘው ወይ?»

የትኛው ሰውዬ አላልኩም።

«አገኘው ጋሽ ቶሎሳ።»

«ከላይ ነበር?»

«ከላይ ነበር። ደህና ነበር። ሲጠብቀው ነበር።»

ወደ መንገዱ ዞሩ። ሩቅ ሌላ ቡድን ብቅ ብሏል፤ አቧራው ብቻ ይታያል።

«ትዋሺያለሽ» አሉ በኋላ፣ ሳይቆጡ። «መሰላሉን አልወጣሽውም። ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ።»

«አዎ» አልኩ። ዕንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

አቧራው እየቀረበ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ተነሥተው ቆሙና እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

«ይሁን» አሉ። «ደግመሽ ንገሪኝ።»

ደግሜ ነገርኳቸው።